በጅማ የባህል ኮፍያ ከማን ይገዛ? ሠሪ፣ ገበያ፣ ሱቅ፣ ማኅበር ወይስ ቴሌግራም

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ዞሮ የባህል ኮፍያ ዋጋ የጠየቀ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ከሩቅ አንድ ዓይነት የሚመስል ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ኮፍያ አንዱ ጋ ርካሽ፣ ሌላው ጋ እጥፍ ይባላል። አንዱ ሻጭ «የእጅ ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ይሄ ኦርጅናሉ ነው» ብሎ ይምላል። ገዢው የሚያወዳድረው ነገር ሲያጣ ዋጋ ብቻ ያወዳድራል፤ በሳምንቱ ቀለሙ ለቆ ወይም ጠርዙ ተጣምሞ «የባህል ኮፍያ ሠሪ አይታመንም» ይላል።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሠሪው አለመታመን አይደለም፤ ኮፍያውና የተገዛበት ቦታ አለመገጣጠማቸው ነው። አንዳንዱ ኮፍያ ጉድለቱ ገና በእጅ እንደተያዘ ይታያል። ሌላው ሲታጠብ፣ ሌላው ደግሞ አንድ ክረምት ሲያልፍበት ነው የሚታየው። ጉድለቱ ወዲያው የሚታየውን ከማንም መግዛት ይቻላል። ጉድለቱ ዘግይቶ የሚመጣው ግን ነገም ከነገ ወዲያም ከሚገኝ ሰው መገዛት አለበት። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚህ መለኪያ ነው።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ሻጭን በአምስት ነገር ይመዝኑ። ሁለቱ ከሦስቱ ይከብዳሉ።

ዋነኛው መገኘት ነው፦ ከወር በኋላ ይህን ሰው የት ያገኙታል? ቋሚ ቦታ፣ የሚሠራ ስልክ፣ የሚያውቀው ጎረቤት አለው? ሁለተኛው ማስፈተን ነው። ኮፍያውን ገልብጠው እንዲያዩ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዲያሹ፣ ጠርዙን እንዲያጥፉ ይፈቅዳል? «አይነካ፣ ይቆሽሻል» የሚል ሻጭ ዕቃውን ላያውቀው ይችላል፣ ወይም በደንብ ያውቀዋል፤ በሁለቱም ምክንያት እዚያ አይግዙ።

የቀሩት ሦስቱ፦ ልክ (በእርስዎ ጭንቅላት ይሠራል ወይስ ካለው ይመርጣሉ)፣ ቀጠሮ ማክበር፣ እና ጥገና (ስፌቱ ቢተረተር ማን ይሰፋል)። ለአንድ ሰው ልክ ወሳኝ ሊሆን ይችላል፤ ለኢሬቻ ወይም ለአረፋ ለሚቸኩል ግን ቀጠሮ ይቀድማል።

## ኮፍያው ራሱ ምን ይበላሻል?

ሻጮቹን ከማወዳደር በፊት ዕቃውን ማወቅ ይጠቅማል።

የሰሌን ባርኔጣ። ጉድለቱን የማይደብቅ ዕቃ ነው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው በውስጡ ይመልከቱ፤ ብርሃኑ እኩል መግባት አለበት። በአንድ ቦታ ሰፊ ክፍተት ካለ ሽመናው እዚያ ጋ ላልቷል። ከዚያ የጠርዙን ጫፍ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ያጥፉ። «ቀጭ» ካለ ሰሌኑ ከመጠን በላይ ደርቋል፣ በቅርቡ ይሰነጠቃል። ከባድና ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታም ካለው፣ ሰሌኑ ሳይደርቅ ተሠርቷል፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ክፍተቱ ይሰፋል። የሽመናው መጨረሻ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ተሰክቶ መጥፋት አለበት፤ ውጭ የቀረ ጫፍ ካለ መተርተር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በኪሮሽ የተሠራ ወይም የሹራብ ኮፍያ። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ክር ያለበት ኮፍያ አብዛኛውን ቅሬታ ያስነሳል። ምክንያቱ ቀዩ ነው። ሲታጠብ ወደ ነጩ ይፈስና ነጩን ሮዝ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ነጭ መሐረብ በውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ቀዩን ክር አሥር ጊዜ ያህል ይሹ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቀለም ቢነካው ትርፍ ቀለም ሊሆን ይችላል። የመሐረቡን ሌላ ንጹሕ ጫፍ ይዘው ያንኑ ቦታ ደግመው ይሹ፤ አሁንም በግልጽ ከቀላ፣ ያ ኮፍያ መጀመሪያ እጥበት ላይ ነጩን ያበላሻል። «ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይያዛል» ሲባል አይመኑ፤ ጨው የሚለቅ ቀለምን አይዘውም። የሚረዳው ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አጥቦ፣ ፎጣ ውስጥ ተጭኖ ውሃው ከወጣ በኋላ፣ ሳይታጠፍ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ቀይና ነጭ እርጥብ ሆነው ተደራርበው ማደር የለባቸውም።

ክሩ ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ከውስጥ በኩል የተረፈ የክር ጫፍ ካለ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንዲቆርጡልዎ ይጠይቁና ውጭ ላይ በክብሪት ያቃጥሉት፤ በጣት ሳይሆን በወረንጦ ይያዙት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ሱፍ የፀጉር ቃጠሎ ይሸታል። ሰው ሠራሽ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ «ጥጥ ነው» ተብሎ በጥጥ ዋጋ መሸጡ ነው። ልዩነቱ ልክ ላይም ይታያል፦ ጥጡ በሙቅ ውሃ ስለሚኮማተር ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሰፋ ያለ ይውሰዱ። ሰው ሠራሹ ሲለበስ ስለሚለጠጥ ጠበቅ ያለው ይሻላል።

ጥለት ያለው የሸማ ኮፍያና የሰላት ኮፍያ። እነዚህ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ውስጣቸው ማጠንከሪያ ይገባል። ቁም ነገሩ ማጠንከሪያው ምንድን ነው የሚለው ነው። ካርቶን ከሆነ አንድ እጥበት ይበቃዋል፤ ውሃ ሲነካው ይቦካና ኮፍያው ይሞታል። በጆሮ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀስ ብለው ያጥፉና ይልቀቁት፦ ጨርቅ ከሆነ ይመለሳል፣ ካርቶን ከሆነ መስመር ይቀርበታል። ከዚያ ገልብጠው ጥለቱን ይዩ። በሽመና የገባ ጥለት ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ነው። በማሽን የተጠለፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ የስፑሉ (የማሽኑ የታችኛው) ክር በሌላ ቀለም ይወጣል። በግንባር በኩል ላብ የሚቀበል የጥጥ ገበር ከሌለው ጥለቱ ቶሎ ይጠቁራል።

የቆዳና የበግ ለምድ ባርኔጣ። እዚህ ጊዜ ወስደው ያስቡ፤ ምክንያቱም በደንብ የለፋና ያልለፋ ቆዳ በገዙበት ቀን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ ቆዳው የሚፈተነው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ዝናብ ነክቶት ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። የሚታዩ ምልክቶች፦ ፀጉሩን በጣት ጨብጠው ቀስ ብለው ሲስቡ መነቀል የለበትም፤ ውስጡን ሲያሸቱት የቆዳ ሽታ እንጂ የበሰበሰ ነገር ሽታ ሊኖረው አይገባም፤ በጥፍር ተጭነው ሲለቁት መመለስ አለበት። ስፌቱ በሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጠበበ መርፌው ቆዳውን እንደ ቴምብር ይበሳውና በዚያው መስመር ይቀደዳል።

የጉሬዛ ቆዳ ያለበትን ግን በየትኛውም ዋጋ አይግዙ። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳት ውጤት ያለ ፈቃድ መነገድ የተከለከለ ነው። ጉሬዛ በጅማ ዙሪያ ደኖች ያለ እንስሳ ነው፤ እዚያው ይቆይ።

## አምስቱ የመግዣ መንገዶች

ቀጥታ ከሠሪው ማዘዝ። ለቆዳና ለሸማ ኮፍያ የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ልክዎ ይወሰዳል፣ ማጠንከሪያውንና ገበሩን ይመርጣሉ፣ ሲበላሽም እጁ የሚያውቀው ሰው ይጠግነዋል። ድካሙ ቀጠሮ ላይ ነው። ከአረፋ፣ ከኢሬቻና ከጥር ሰርግ በፊት ሥራ ይደራረባል፤ «ነገ ይደርሳል» ሦስት ነገ ይሆናል። ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመው ይዘዙ፤ የቀጠሮውን ቀን ደግሞ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ያድርጉት።

የሠሪን ታማኝነት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ፤ ሰው ብዙም አያየውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዲስ ኮፍያ ትተው ለጥገና የመጣ አሮጌ ኮፍያ መኖሩን ይመልከቱ። ሰው አሮጌውን ይዞ የሚመለስበት ሠሪ ሲበላሽ የማይደበቅ ሠሪ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው? ምን ሆኖ ነው የመጣው?» ብለው ይጠይቁ። በኦሮምኛ የሚግባቡ ከሆነ «ኦቦ» ብለው ይጀምሩ፤ በአክብሮት ለተጠየቀ ባለሙያ ስለ ሥራው ማስረዳት ደስታው ነው።

ልክ ሲወሰድ አጠገቡ ይቁሙ። ሜትሩ ከቅንድብ በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከኋላ በጣም በወጣው የራስ ክፍል ላይ መዞር አለበት። የአዋቂ ሰው ራስ አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብ አናት ላለው ኮፍያ ዙሪያውን ለ3.14 ያካፍሉ፦ 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአናቱ ስፋት 18 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል፤ የስፌት ትርፍ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ደንበኛ ፊት «በዓይኔ ለካሁት» አይባልም። ኮፍያው ለሌላ ሰው ከሆነ የማይለጠጥ ክር በራሱ ዙሪያ አዙረው፣ ቆርጠው ክሩን ይዘው ይሂዱ። ያረጀ የልብስ ሰፊ ሜትር ሊለጠጥ ስለሚችል ከቁጥሩ ክሩ ይታመናል።

የገበያ ቀን ሻጭ። የጅማው ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የታወቀ ቦታ ነበር፤ በጅማ አካባቢ የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ የእጅ ሥራ ማግኘት ዛሬም ያለ ነገር ነው። ለሰሌን ባርኔጣ ከዚህ የሚሻል የለም፦ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ምርጫው ብዙ ነው፣ ጉድለቱም እዚያው ይታያል። ደረሰኝ ግን የለም፤ ሻጩም በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ጠዋት ይሂዱ፤ ጥሩው ቀድሞ ይነሣል፣ ሰሌንን ለመፈተንም የጠዋት ብርሃን ይሻላል። ቀለም የሚለቅ ክር ወይም የቆዳ ነገር ከዚህ የሚገዙ ከሆነ አጠገብ ያለውን ነጋዴ «ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚቀመጠው?» ብለው ይጠይቁ።

የባህል ልብስ ሱቅ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጭማሪው የሱቅ ኪራይ ነው፤ የሚገዛልዎ ነገር ግን መገኘት ነው። ስለዚህ ያን መብት ይጠቀሙበት። «ቀለም ቢለቅ ትመልሳላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ አዎ ካሉ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። አፋቸው አዎ ብሎ እጃቸው መጻፍ ከፈራ መልሱን ሰጥተዋል። የሱቅ ሻጭ ኮፍያውን ማን እንደሠራው ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ስለዚህ ጥገና ብዙም አይጠብቁ።

የሥራ ማኅበር። ለሰርግ አጃቢ፣ ለባህል ቡድን፣ ለምረቃ 30 ወይም 50 ኮፍያ ለሚፈልግ ይህ ይሻላል፤ ደረሰኝና ውል ይሰጣሉ። የሚበላሸው ወጥነቱ ነው። ብዙ እጅ ሲሠራ አንዱ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይሠራል፤ ክር በመሐል ካለቀ የሚቀጥለው ጥቅል ቀይ ከፊተኛው ይለያል፣ በፎቶ ላይም ያስታውቃል። መፍትሔው፦ ለጠቅላላው ሥራ የሚበቃ ክር አንድ ጊዜ እንዲገዛ ውሉ ላይ ያስገቡ፤ የተስማሙበትን ናሙና ሁለት አሠርተው አንዱን እርስዎ ይያዙ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት አይተው ሳያጸድቁ ቀሪው አይቀጥል። ክፍያ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ በአባል ስም አይግባ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ። ፎቶ ቀለም ይዋሻል፣ ጀርባውን አያሳይም። ኮፍያው ተገልብጦ፣ አጠገቡ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦ አጭር ቪዲዮ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። ሻጩ ጅማ ከሆነ በአካል ተገናኝተው ፈትነው ይክፈሉ። በቴሌብር ሲልኩ ከማጽደቅዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ሻጩ ከነገረዎ ስም ጋር ያስተያዩ። ቀለም የሚለቅና ልክ የሚፈልግ ኮፍያ በዚህ መንገድ ከማያውቁት ሰው አይዘዙ።

## በአንድ እይታ

| የመግዣ መንገድ | ዋጋ | መገኘት | ማስፈተን | በልክ | ጥገና | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ ከሠሪው | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | አዎ | አለ | ቆዳ፣ ሸማ፣ የሰላት ኮፍያ |
| የገበያ ቀን ሻጭ | ዝቅተኛ | ደካማ | ጥሩ | የለም | የለም | ሰሌን |
| የባህል ልብስ ሱቅ | ከፍተኛ | ጥሩ | እንደ ሱቁ | ካለው ምርጫ | አልፎ አልፎ | የኪሮሽ ኮፍያ፣ ስጦታ |
| የሥራ ማኅበር | በብዛት ሲታዘዝ ይቀንሳል | ጥሩ | በናሙና | በመጠን መደብ | በውል ከተጻፈ | የቡድን ትእዛዝ |
| ቴሌግራም | ይለያያል | ደካማ | የለም | የለም | የለም | ሻጩን የሚያውቁት ከሆነ ብቻ |

## ቀብድ፦ እምነት የሚፈተንበት ቦታ

ሠሪ ቀብድ ስለጠየቀ አይጠርጥሩት። አዝዞ የሚጠፋ ደንበኛ ብዙ ነው፤ በ57 ሴንቲ ሜትር ልክና በአንድ ሰው ምርጫ የተሠራ ኮፍያ ደግሞ ለሌላ ሰው ቶሎ አይሸጥም። ሲሶው ተገቢ ነው፤ ልዩ ጨርቅ ወይም ቆዳ የሚገዛ ከሆነ እስከ ግማሽ። ሙሉውን ቀድሞ መክፈል ግን አያስፈልግም፤ ሠሪውም ሥራውን የሚያስቀድምበት ምክንያት ያንሰዋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ለምሳሌ 300 ብር ቀብድ የተቀበለ ሠሪ ሥራውን ትቻለሁ ቢል 600 ብር ይመልሳል። ይህ ግን ውል ማፍረስን እንጂ የጥቂት ቀን መዘግየትን አይመለከትም፤ የመዘግየቱን ነገር ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል።

ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግም። በደብተር ቅጠል ወይም በስልክ መልእክት እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«አንድ የሸማ ኮፍያ፣ ዙሪያው 57፣ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ማጠንከሪያው ጨርቅ፣ ገበሩ ጥጥ። ዋጋ 900 ብር፣ ቀብድ 300 ብር ተቀብያለሁ። ጥቅምት 10 ይደርሳል። ከ5 ቀን በላይ ቢዘገይ ቀብዱ ይመለሳል። ሲረከቡ ልኩ ካልሆነ ያለ ክፍያ ይስተካከላል።»

ሠሪው መጻፍ ካልፈለገ እርስዎ በመልእክት ልከውለት «እሺ» ብሎ እንዲመልስ ያድርጉ።

አንድ ነገር ስለ ክርክር። ዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ ከሠሪው ድካም በታች ከሄደ መውጫው ገበሩን መተው፣ ጨርቁን በካርቶን መተካት፣ ስፌቱን ማራራቅ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ «በዚህ ዋጋ ምን ይጨመርልኛል?» ማለት ይሻላል፤ ሁለተኛ ገበር ወይም የአንድ ዓመት ነጻ ጥገና ከጥቂት ብር ቅናሽ ይበልጣል። የሠሪ ልፋት በአግባቡ ሲከፈል ሙያው ለልጁም ይተርፋል።

## እንደ ፍላጎትና እንደ ኪስ

ገንዘብ ያጠረው ሰው የሰሌን ባርኔጣ ከገበያ ይግዛ፤ ርካሽ የቆዳ ባርኔጣ ፍለጋ አይድከም። በጠባብ ኪስ የሚገዛ ቆዳ ክረምት ላይ ሁለተኛ ወጪ ያመጣል።

ለበዓል የቸኮለ፣ በዓሉ አሥር ቀን ከቀረው፣ አዲስ ትእዛዝ አይስጥ። ሱቅ ሄዶ ያለውን የኪሮሽ ኮፍያ በእርጥብ መሐረብ ፈትኖ ይውሰድ። ለዘወትር ሰላት የሚፈልግ ከሠሪ ሁለት ያሠራ፤ እየተቀያየሩ ሲታጠቡ ሁለቱም ይቆያሉ።

ለአባት ወይም ለሽማግሌ ክብር የሚሰጥ ከሆነ ከሠሪው በልክ ያሠሩ፤ ክሩን ይውሰዱ፣ ግንባር ላይ እንዳይጫን አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያስቀሩ። ለውጭ አገር ስጦታ ደግሞ ጥለት ያለው የሸማ ኮፍያ ከሁሉም ይቀላል፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨፈለቅ ውስጡን በካልሲ ሞልተው ያስቀምጡት። የቆዳ ባርኔጣ ከሆነ በፌስታል አይጠቅለል፤ እርጥበት ከታሰረበት ሲከፈት ሻጋታ ይዞ ይገኛል።

## ከተበላሸ በኋላ

ኮፍያውን ራስዎ ለማስተካከል አይሞክሩ፣ ደግመውም አይጠቡት፤ እንዳለ ፎቶ አንሥተው ከወረቀቱ ጋር ይዘው ይሂዱ። ጠዋት፣ ሱቁ ሰው ሳይሞላ ይሂዱ፤ በደንበኛ ፊት የተወቀሰ ሰው ራሱን ለመከላከል ሲል ጥፋቱን አያምንም። የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይምረጡ፦ ይጠገን፣ ይቀየር ወይም ገንዘቡ ይመለስ። ሠሪው ካልተስማማ የሰፈሩን ሽማግሌ ወይም ሁለታችሁን የሚያውቅ ጎረቤት ነጋዴ መሐል ማስገባት ቶሎ መቋጫ ያመጣል። ያም ካልሆነ ደረሰኙን ወይም የመልእክቱን ቅጂ ይዘው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ቅሬታ እዚያ ብዙ ርቀት ስለማይሄድ፣ ወረቀቱን ኮፍያው እስኪያረጅ ድረስ አይጣሉት።